ለአንድ እጅ የተሠራ ሜኑ

ባለፈው ቅዳሜ ስልኬ አልታዘዝ ቢለኝ ቦንጋ ገበያ አጠገብ ካለች አንዲት የስልክ መጠገኛ ሱቅ ገባሁ። ሱቋን የያዘችው ሴት ገና ወጣት ናት፤ ጥፍሮቿን ቀይ የተቀባች፣ ከደንበኛ ጋር ስታወራም እጇ ሥራ የማይፈታ። ስልኬን ተቀብላ በአውራ ጣቷ ሁለት ሦስቴ ጠረገችና «እትዬ፣ ምንም አልሆነም እኮ፤ ብዙ ነገር ገብቶበት ተዘበራርቆ ነው» አለችኝ። ቀጥላ ዘወትር የምጠቀምበትን ጠየቀችኝ። መደወያውን፣ ፎቶውን፣ መዝሙሩን ነገርኳት። እነሱን እየጎተተች ከፊት ደረደረችልኝና «ሌላውን አይንኩት። ይቺን ሲነኩ መደወያው፣ ይቺን ሲነኩ መዝሙሩ ቀጥታ ይከፈትልዎታል» አለች። «እኔም ድሮ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቻለሁ» አልኳት ሳላስበው። «ስልክ ይጠግኑ ነበር?» «አይ፣ ኮምፒዩተር ላይ ነው።» ቀና ብላ ነጠላዬንና ሽበቴን አየች። «በእርስዎ ጊዜ ቦንጋ ኮምፒዩተር ነበር እንዴ?» «ነበር» አልኳት። ዳገቱን ወደ ቤቴ ስወጣ ያቺ «ነበር» ያልኳት ቃል አብራኝ ወጣች፤ ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ከቤቴ አልወጣ ብላለች።

አዎ፣ ነበር። አንድ ብቻ ነበር። እኔ እሠራበት ወደነበረው መሥሪያ ቤት ከጅማ በኩል በመኪና መጣ፤ ሕፃን ይመስል በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ አቅፈውት። ለእሱ ሲባል አንድ የዕቃ ክፍል ተለቀቀ። ወለሉ ላይ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ መስኮቱ ላይ ሰማያዊ መጋረጃ ተሰቀለ፣ በሩ ላይ ጫማ ሳያወልቁ መግባት ክልክል ነው የሚል ወረቀት ተለጠፈ። አቧራ ይገድለዋል ስለተባለ ነው። የትልልቆቹን ሹሞች የተቀደደ ካልሲ ያየሁት ያኔ ነው። መብራቱ በጄኔሬተር ነበር፤ ደስ ሲለው ይመጣል፣ ደስ ሲለው ይሄዳል። ከማሽኑ ጋር የመጣ አንድ ከባድ ሣጥን መብራት ሲጠፋ ይጮሃል፣ እኔም ባትሪው ሳያልቅ የተጻፈውን ለማዳን ከኮሪደሩ ጫፍ እሮጣለሁ። ያኔ ቀጭን ነበርኩ። ጸጉሬን በካስክ ተሠርቼ፣ ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄጄ ሳለሁ ከመርካቶ የገዛኋትን ጥቁር ጉርድ ቀሚስ ለብሼ። ጥቂት ወር ተምሬ ስመለስ የቦንጋ ሰው በመንገድ ላይ «ወርቅነሽ ኮምፒዩተር» ይለኝ ጀመር። ስሙ እስከ ጡረታዬ አልለቀቀኝም፤ ዛሬም አንዳንድ ሽማግሌ በዚያው ይጠራኛል።

የዛሬ ልጆች ማሽን ሲከፍቱ ሥዕል ተደርድሮ ይጠብቃቸዋል። የእኛው ሲከፈት ጥቁር ነበር። ጥግ ላይ አንዲት የላቲን ፊደልና ብልጭ ድርግም የምትል ሰረዝ፤ ሌላ ምንም የለም። ምን ልሥራ ብሎ አይጠይቅህም፣ ምን መሥራት እንደሚችልም አይነግርህም። አማርኛ ለመጻፍ የፈለገ ሰው መጀመሪያ ፕሮግራሙ ወደ ተቀመጠበት ቦታ የሚወስደውን ትእዛዝ ይጽፋል፤ ከዚያ የፊደሉን ፕሮግራም ይጠራል፤ ከዚያ ደግሞ መጻፊያውን። አንዲት ነጥብ ከተሳሳተ ማሽኑ በእንግሊዝኛ አላውቀውም ይላል፣ ያቺ ሰረዝም እንደገና ብልጭ ድርግም ትላለች። ለብዙው ምልክት አንዱን ቁልፍ በአንድ እጅ ተጭኖ ይዞ ሌላውን በሌላው መምታት ያስፈልጋል። ማሽኑ ደርቆ ሲቀር ደግሞ ሦስት ቁልፍ በአንዴ ተጭኖ ነው የሚነሣው፤ ሁለቱ በአንድ ጫፍ፣ አንዱ በሌላው ጫፍ። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለወንድሜ ስል ነው።

ወንድሜ አሰፋ ታላቄ ነው፤ ጋሼ ነበር የምለው። አባታችን ቢታ ገነት ቡና የሚያለሙ ገበሬ ነበሩ። አሰፋን ቦንጋ ልከው አስተማሩት፤ እኔን ደግሞ እሱ በታይፒስትነት ደመወዙ አምጥቶ፣ ከአንድ ክፍል ኪራይ ቤቱ ግማሹን በመጋረጃ ከፍሎልኝ አስተማረኝ። ደብተሬን በጋዜጣ የሚሸፍንልኝ እሱ ነበር። ቁርስ ቆጮ በጎመን አቅርቦልኝ፣ ሸሚዙን ራሱ ተኩሶ፣ ጫማውን ወልውሎ ነው የሚወጣው። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሚሠራበት ቢሮ መስኮት ሥር ቆሜ የመጻፊያ ማሽኑን ድምፅ አዳምጥ ነበር። አሥሩም ጣቶቹ ይሮጣሉ፣ መሥመሩ ሲያልቅ ደወሉ ቅጭል ይላል፣ ማሽኑን በመዳፉ ገፍቶ ይመልሰዋል፣ ደግሞ ይሮጣል። መንገደኛም ቆሞ ይሰማው ነበር እንጂ እኔ ብቻ አልነበርኩም።

ከዚያ ጦርነት መጣ። ማን ከማን፣ ስለ ምን፣ ያንን የሚጽፉ ሌሎች አሉ። እኔ የማውቀው አሰፋ በብርድ ልብስና በአንድ ቦርሳ ወደ ሰሜን መሄዱን ነው፤ ሲመለስም አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ መቀበሌን። ካኪ ኮት ለብሶ ነበር። የቀኝ እጅጌው ጫፍ ኪሱ ውስጥ ተሸጉጧል፤ እጁን ኪሱ የከተተ መስሎኝ ለሰላምታ ጠበቅሁት። እሱ ግን በግራ እጁ አንገቴን አቀፈኝና «ወርቄ፣ ምነው እንዲህ አደግሽ?» አለኝ። መንገዱን ሁሉ ሳላለቅስ ሄድኩ፤ ቤት ስንደርስ ግን ውሃ ልቅዳ ብዬ ወጥቼ ምንጩ ዳር ተቀመጥኩ።

በግራ እጁ መላጨት ተማረ፣ ቁልፍ መቆለፍ ተማረ። የጫማ ክር ግን አሻፈረኝ ስላለው ያለ ክር የሚጠለቅ ጫማ ገዛ። የድሮ ቦታው በሌላ ሰው ተይዞ ነበር። ጠዋት ጠዋት ተኩሶ የለበሳትን ሸሚዝ ማታ አውልቆ ያጥፋታል፤ በመሃል ግን የሄደበት የለም። ወደ ገበያ ስንወርድ በቢሮዎቹ በኩል ያለውን መንገድ ትቶ ጭቃውን መንገድ ይዞ ይሄዳል። መጀመሪያ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። አንድ ቀን በዚያ በኩል እንሂድ ብዬ ስጎትተው፣ ከአንዱ መስኮት የመጻፊያ ማሽን ድምፅ መጣ። ቆመ። አንገቱን ደፍቶ እስኪያልፍለት ድረስ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ጭቃውን መንገድ እኔም ወደድኩት።

ኮምፒዩተሩ የመጣው በዚህ መሃል ነው። «ጋሼ፣ መጥተህ እየው» አልኩት። «እሱ ሁለት እጅ ላለው ሰው ነው፣ ወርቄ» አለኝ፤ ሳይቆጣ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው። እውነቱን ነው የተናገረው። ግን አዲስ አበባ ሥልጠናው ላይ አጠገቤ የምትቀመጥ አንዲት የደሴ ልጅ አንድ ፍሎፒ ገልብጣ ሰጥታኝ ነበር። ፍሎፒው ላይ ሜኑ የሚሠራ ፕሮግራም አለ። ማሽኑ ሲከፈት ያን ጥቁር ስክሪን ትቶ ሰማያዊ ሳጥን ይሥላል፤ ሳጥኑ ውስጥ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ሥራው ይደረደራል፤ አንዷን ቁጥር ስትጫን ያ ሁሉ ትእዛዝ ተራ በተራ በራሱ ይሄድና የፈለግኸው ይከፈታል። የምትጫነው አንድ ቁልፍ ነው። አንድ ጣት። አብሮት ደግሞ ያን ተጭነው የሚይዙትን ቁልፍ አንዴ ነክተው ሲለቁት ተጭኖ እንዲቆይ የሚያደርግ ትንሽ ፕሮግራም ነበረበት። የደሴዋ ልጅ የሰጠችኝ ለሰነፍ አለቃ ይጠቅምሻል ብላ ነው፤ አለቆች ትእዛዝ መጻፍ ስለሚሰለቻቸው።

ከሥራ ሰዓት በኋላ እየቆየሁ፣ መብራት ባለ ጊዜ፣ ለወንድሜ ሜኑ ሠራሁ። የአማርኛው ፊደል መጻፊያው ውስጥ ካልገቡ ስለማይመጣ ስሞቹን በላቲን ፊደል ነው የጻፍኳቸው። አንድ ቁጥር ደብዳቤ፣ ሁለት ቁጥር ቃለ ጉባኤ፣ ሦስት ቁጥር የሠራተኛ ስም፣ አራት ቁጥር ማተሚያ። ዘጠኝ ቁጥርን ደግሞ ማሽኑን አጥፍቶ እንዲያስነሣ አደረግሁት፣ እነዚያ ሦስት ቁልፎች እንዳያስፈልጉት። ስንት ጊዜ ተሳሳትኩ! አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይበላሽ ነበር። አለቃችን አቶ ተክሌ አንድ ቀን ጫማቸውን አውልቀው ገቡና «ምንድን ነው የምትሠሪው ወርቅነሽ?» አሉኝ። «ለአሰፋ ነው» አልኳቸው። ቆመው አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁና «ከቻለ ማመልከቻ ይጻፍ፣ እኔ እፈርማለሁ» ብለው ወጡ። ደግ ሰው ነበሩ፤ ይህን የምለው በኋላ ስለሆነው ነገር ሳወራ ክፉ እንዳይመስሉ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እየለመንኩ ይዤው ሄድኩ። ጫማውን አውልቆ ገባ፤ ካልሲው ደህና ነበር። ወንበሩን ሳብኩለት። ሜኑው ወጣ። «አንድን ተጫን» አልኩት። ተጫነ። ስክሪኑ ጠፋ፣ ማሽኑ ውስጡ ቅርርር አለ፣ ከዚያ ነጩ ገጽ ተዘርግቶ መጣ። ዞር ብሎ አየኝ። «ይኸው ነው?» «ይኸው ነው።» በግራ እጁ ስሙን ጻፈ፣ ከዚያ ስሜን ጻፈ፣ ከዚያ የአባታችንን። ወጣና እንደገና አንድን ተጫነ። ደግሞ ወጣ፣ ደግሞ ተጫነ። ልጅ ሆኖ ነበር። በመጨረሻ በአገራችን ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ አንድ ነገር አለ፤ በአማርኛ ሲሆን «ደወሉ ብቻ ነው የቀረው» እንደ ማለት ነው። የመጻፊያ ማሽኑን ደወል ማለቱ ነው። ሰኞ ዕለት አንድ ትእዛዝ ጨመርኩበት፤ ሜኑው በወጣ ቁጥር ማሽኑ ጢጥ ይል ጀመር።

ተቀጠረ። ቀስ እያለ ይጽፋል፣ ግን የእሱ ገጽ አይታረምም። የሁሉም ሰው ረቂቅ ጠረጴዛው ላይ ይከመርለት ጀመር፤ መጻፍ ብቻ ሳይሆን አማርኛውንም ያቃናላቸዋል። ከዚያ ክፍል ግድግዳ ማዶ መዝገብ ቤቱ ነው፤ እዚያ ጽጌ የምትባል የሺሺንዳ ልጅ ትሠራ ነበር። ረጅም፣ አረንጓዴ ሹራብ የማይለያት፣ ስትስቅ አፏን በፋይል የምትሸፍን። ጠዋት ማሽኑ ጢጥ ሲል ግድግዳውን ዘልቆ ይሰማታል። ጥቂት ቆይታ ደብዳቤ ይዛ ትመጣለች። «ጽጌ፣ ይሄን ትናንት ጽፌልሽ የለም እንዴ?» ይላታል። «ጽፈህልኛል? ተሳስቼ ነዋ።» «በዚህ ሳምንት ስታመጪው ይሄ ሦስተኛሽ ነው።» «እንግዲያው አንብቤ አላውቅም ማለት ነው» ትልና በፋይሏ ተከልላ ትስቃለች። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ፕሪንተሩ ላይ ወረቀት የማስተካክል እመስላለሁ። ዳሩ ፕሪንተሩ እንደዚያ ሰሞን ተስተካክሎ አያውቅም።

ዓርብ ዓርብ ከሥራ በኋላ ሦስታችንም ከአውቶቡስ ማቆሚያው በላይ ወዳለች ሻይ ቤት እንሄዳለን። ሻይ ስሙኒ ነበር፣ ፓስቲም ስሙኒ። ባለቤቱ የወልቂጤ ሰው ነበር፣ ካሴት ማጫወቻ ነበረው፤ ካሴቱ ሲላላ በእርሳስ ያጠነጥነዋል፣ ዘፋኙም ድምፁ ጎተት ጎተት ይል ነበር። ቦንጋ ያኔ ከሰዓት በኋላ ጭጋግ ወርዶ የመንገዱን ማዶ ይሸፍናል፤ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች የኮባ ቅጠል ደፍተው ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ ይላሉ፣ ደግሞ ይገባሉ። ጽጌ ብርቱካን ትወድ ነበር። እያወራች ትልጥና ፍሬውን ከፋፍላ በእሱ በኩል ታስቀምጣለች፤ አታየውም፣ ወሬዋንም አታቋርጥም። እሱም ሳያያት ያነሣል። አንድም ቀን ልላጥልህ ብላው አታውቅም፣ አንድም ቀን አመሰግናለሁ ብሏት አያውቅም። ዛሬ ያ ቦታ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ሆኗል፤ ሥሩ የመድኃኒት ቤት ነው። ለደም ግፊቴ መድኃኒት የምገዛው እዚያ ነው፤ ተራዬን ስጠብቅ ዓይኔ ያ ጠረጴዛ የነበረበትን ቦታ ይፈልጋል።

በመጨረሻ አንድ ቀን «የዘንድሮ ቡና ሲሸጥ ሽማግሌ እልካለሁ» አለኝ። የማን ቤት ብዬ አልጠየቅሁም። ግራጫ ጨርቅ ገዝቶ ልብስ ሰፊ ጋ ሄድን። ሰፊው በረንዳ ላይ ሲለካው ቀኙ ጋ ደረሰና «እጅጌውን ላሳጥረው፣ ጋሽ አሰፋ?» አለ በትሕትና። «አይ፣ ሙሉ አድርገው» አለው። «ለሠርግ ነው።» ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ጨበጠው፤ በግራ እጁ ጨበጠው። አሰፋም ከልቡ ሳቀ። ያን ቀን ወንድሜን እንደዚያ ሲስቅ ያየሁት የመጨረሻዬ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።

አዲሶቹ ማሽኖች የመጡት ልብሱ ገና ሳያልቅ ነው። ብዙ ነበሩ፤ ባለ ቀለም፣ ባለ ማውስ። ያኛው ሰማያዊ ሜኑ የነበረበት ወደ ጥግ ተገፋ፣ ላዩ ላይ ሻሽ ጣል ተደረገበት፤ የበሩም ወረቀት ተነሣ፣ ሰው ሁሉ በጫማው መግባት ጀመረ። በዚህ አላዘንኩም። በአዲሱም ላይ አዘጋጅለታለሁ ብዬ ጀምሬ ነበር። ግን ከማሽኖቹ ጋር መመሪያ መጣ፤ ታይፒስት ሁሉ በፍጥነት ተፈትኖ እንደገና ይመደባል የሚል። ፈታኙ ከሌላ ቦታ መጣ፤ ሰዓት በእጁ የያዘ ወጣት። ማሽን ቢበላሽ ታስተካክላለች ተብዬ እኔም ክፍሉ ውስጥ እንድቀመጥ ተደረገ። «ጀምሩ» ሲል የቁልፉ ድምፅ ክፍሉ በሙሉ ላይ እንደ ዝናብ ወረደ። ከዚያ ሁሉ መሃል የአሰፋን ለይቼ እሰማዋለሁ፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ቀና አላለም፣ አልተቻኮለም። «አቁሙ» ሲባል እጁን አነሣና ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ወረቀቱን ስሰበስብ አየሁት፤ አንድ ግድፈት የለበትም፤ ግን ግማሽ ነው።

አቶ ተክሌ ቢሮ ገባሁ። «ጊዜ ስጡኝ» አልኳቸው። «በአዲሱም ላይ ልክ እንደዚያኛው አዘጋጅለታለሁ። የሰው ሁሉ ረቂቅ የሚቃናው በእሱ እጅ መሆኑን ያውቃሉ።» መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ወርቅነሽ፣ አሰፋን እኔም እወደዋለሁ። መመሪያው ግን ስለ እጅ አይጠይቅም፤ ስለ ደቂቃ ነው የሚጠይቀው። ከሥራ እንዳይወጣ ለምኜ የጥበቃ ቦታ አስቀምጬለታለሁ። ከዚህ በላይ አቅም የለኝም።» አቅም እንደሌላቸው ፊታቸው ላይ አየሁት፤ ለመቆጣት እንኳ አልመቹኝም። ለአሰፋ የነገሩት ራሳቸው ናቸው። «አመሰግናለሁ» ብሏቸው ወጣ። ቦርሳውን አዘጋጅቶ ቤት ቆየኝና «አባታችን መሬት ላይ ሰው የለም፤ እዚያ እሆናለሁ» አለኝ። «ጽጌስ?» አልኩት። «እሷ በምትገባበት በር ላይ ቆሜ ልፈትሻት?» አለኝ። «ተዪኝ ወርቄ። ዓይኗን ማየት አልችልም።» በማግስቱ በጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍሮ ሄደ። ልብሱን ከሰፊው ጋ እኔ ሄጄ አመጣሁት፤ በኋላ የአጎታችን ልጅ አገባበት።

አሰፋ ያለኝን ሁሉ ለጽጌ ነገርኳት። ቃል በቃል ነገርኳት፣ ምንም አልደበቅኋትም። ፋይሏን ደረቷ ላይ አቅፋ ሰማችኝ። በሳምንቱ መጨረሻ ለማንም ሳትናገር ያቺን አረንጓዴ ሹራብ ለብሳ፣ በአገሯ በሺሺንዳ ሳትወርድ አልፋ፣ በዋጫ አድርጋ ቢታ ገነት ሄደች። ያ መንገድ ያኔ ጭቃው መኪና ይውጥ ነበር። ሰኞ ሥራ ገባች። ጫማዋ ላይ ደርቆ የቀረውን ቀይ ጭቃ አየሁ፣ ፊቷን አየሁ፣ ምንም መጠየቅ አልቻልኩም። እሷም አልነገረችኝም። ዓመት አልፎ ሌላ ዓመት ጀመረ፤ ከዚያ አንድ የዋጫ መምህር ሽማግሌ ላከና አገባት፣ ወደዚያው ተዛወረች። በሠርጓ ቀን አቅፋ ስትስመኝ ጉንጯ እርጥብ ነበር፤ ሙሽራ ያለቅሳል ብዬ አለፍኩት።

አሰፋ አላገባም። በግራ እጁ ቡና ለቀመ፣ ጎመን ተከለ፣ ቀፎ ሰቀለ። መንደሩ የሚጻፍ ነገር ሲኖረው እሱ ጋ ይመጣ ነበር፤ በእስክሪብቶ ይጽፍላቸዋል። በየዓመቱ ማር ይዞልኝ ይመጣል፣ አንድ ሁለት ቀን ይሰነብታል፣ የልጆቼን ደብተር በጋዜጣ ይሸፍንላቸዋል፤ የጋዜጣውን ጥግ በጉልበቱ ይዞ። አንድ ጊዜ ላፕቶፕ ገዝቼ አሳየሁት። «ይሄኛውማ ለአንድ እጅ በደንብ ይሆናል፤ ሁሉ ነገር አለው» አልኩት። ዳሰሰውና መልሶ ሰጠኝ። «እጄ ረስቶታል፣ ወርቄ» አለኝ። የጽጌን ስም ግን እኔም አላነሣሁም፣ እሱም አንሥቶት አያውቅም።

ታሞ ወደ እኔ ያመጡት ያለፈው ዓመት ነው። ሐኪሙ የሚችለውን አደረገ። እኔ ቤት፣ በቀን፣ የበረንዳው በር ተከፍቶ ዝናቡ እየታየው አረፈ። ይጨነቃል ብዬ ነበር፣ አልተጨነቀም። ከእኔ ምንም የፈለገው ነገር አልነበረም፤ ትራሱን አስተካክይልኝ ብቻ ነው ያለኝ።

በሦስተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ጥቁር የለበሱ አንዲት ረጅም ሴት ገቡ። መጀመሪያ አላወቅኋቸውም። አጠገቤ መጥተው ሲንበረከኩ በዓይናቸው ለየኋቸው፤ ጽጌ ናት። ከዋጫ ነው የመጣችው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ የልጅ ልጆች አሏት። አብረን አለቀስን። ሰው ሲሳሳ እጇን ይዤ ወደ በረንዳው ወሰድኳት፤ ካፊያ ነበር። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ወርቄ» አለችኝ፣ «ያኔ ቢታ ገነት ሄጄ ምን እንዳለኝ ጠይቀሽኝ አታውቂም።»

«ፈራሁ» አልኳት።

«ምንም አላለኝም። ጎመን እየተከለ ነበር። መኪናው ካወረደኝ ጀምሮ በእግሬ ስሄድ ምን እንደምለው ሳጠና ነው የሄድኩት። ዘብ ሁን፣ ገበሬ ሁን፣ እኔ ግድ የለኝም ልለው ነበር። አጥሩ ጋ ስደርስ ቀና ብሎ አየኝ። ሮጦ የሚመጣ መስሎኝ ቆምኩ።» እዚህ ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «እጁን በሱሪው ጠረገና ‹እንደምን ዋሉ፣ ወይዘሪት ጽጌ? በደህና ገቡ?› አለኝ።»

እጇን ያዝኳት።

«እርስዎ አለኝ፣ ወርቄ። እኔን። ብርቱካን ከእጄ የበላ ሰው።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

ካፊያውን እያየች መለሰችልኝ። «‹እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ እንደምን ሰነበቱ?› አልኩት። አፌ ነው ያለው። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ። ከዚያ ስለ መንገዱ ጠየቀኝ፣ ጭቃ ነው አልኩት። ስለ ቢሮ ጠየቀኝ፣ ሁሉም ደህና ናቸው አልኩት። ከጎረቤት ያሉት አክስታችሁ መጥተው እርጎ ሰጡኝ፣ ቆሜ ጠጣሁ። እሱም ቆሞ ነበር፤ እኔ ፊት አልተቀመጠም። መኪናው ሲመለስ ሄድኩ። ባሌ ጥሩ ሰው ነበር፣ አልዋሽም፣ ክፉ ኑሮ አልኖርኩም። ግን ይህን ሁሉ ዓመት ስተኛም ስነሣም አንዲት ነገር አለች። አንተ ብዬው ቢሆንስ? አሰፋ፣ ምን ሆነሃል፣ ቁጭ በል ብዬው ቢሆን? ቁጭ ይል ነበር እንዴ፣ ወርቄ? አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እውነቱን ንገሪኝ።»

አይል ነበር ማለት እችል ነበር። ኩሩ ነበር፣ አንዴ ከወሰነ አይመለስም ብዬ ላሳርፋት እችል ነበር። አፌን ከፍቼም ነበር። ግን ፊቷን ሳየው ውሸቱ አልወጣ አለኝ።

«ቁጭ ይል ነበር» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች፤ የምታውቀውን ነገር እንደሰማ ሰው። ከዚያ ትከሻዬ ላይ ተደፋች። ከድንኳኑ ሴቶቹ እያዩን ነበር፤ ማንም ግን አልተነሣም። ለወንድሜ ያለቀስን መስሏቸው ይሆናል።